ጆሮ ሲደፈን፣ ልብ ሲሮጥ፦ ትንፋሽን የማመቅ ተረትና እውነታ

በሌሊት ከደምበጫ የተነሣው አውቶቡስ ደጀንን አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ ማቆልቆል ሲጀምር በመኪናው ውስጥ ያለው ጨዋታ ቀስ በቀስ ይቀዘቅዛል። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች መደማመጥ ያቅታቸዋል። አንዱ ያዛጋል፣ ሌላው ጆሮውን በጣቱ ይጎረጉራል፣ ከኋላ ወንበር ሕፃን ያለቅሳል። ይሄኔ አንድ አዛውንት ከፊታቸው ላለው ወጣት "አፍንጫህን ያዝና እፍ በል እንጂ ልጄ፣ ይከፈትልሃል!" ይሉታል። ልጁም ጉንጩ እስኪነፋ፣ ዐይኑ እስኪቀላ ይገፋል።

የአዛውንቱ ምክር መሠረት አለው። ሐኪሞች ዘዴውን የሚጠሩት በጣሊያናዊው የአካል አወቃቀር ሊቅ በአንቶኒዮ ማሪያ ቫልሳልቫ ስም ነው፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ1704 ስለ ሰው ጆሮ ባሳተመው መጽሐፍ ገልጾታል። ችግሩ ያለው ከምክሩ ሳይሆን ከልኩ ነው። ትንፋሽን አምቆ መግፋት ጆሮንም ልብንም የሚነካ ጉልበት ስላለው፣ መቼ፣ ምን ያህል እና ለማን እንደሚሆን ማወቅ ያስፈልጋል።

ተረት 1፦ "በረሃ ላይ ጆሮ የሚደፈነው ነፋስ ገብቶበት ነው።"

እውነታው፦ ደጀን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የዓባይ ድልድይ ያለበት ቦታ ደግሞ ከ1,000 ሜትር ብዙም አይርቅም። በዚህ አጭር መንገድ የአየሩ ግፊት በአንድ አምስተኛ ገደማ ይጨምራል። ከጆሮ ታምቡር ጀርባ አየር የያዘች ትንሽ ክፍል አለች፤ ከአፍንጫችን ኋላ ጋር የሚያገናኛት አንድ ቀጭን ቱቦ ነው። ወደ ላይ ስንወጣ በውስጧ ያለው አየር በቱቦው በኩል በራሱ ሾልኮ ይወጣል። ስንወርድ ግን ቱቦው ካልተከፈተ አየር አይገባም፤ የሚከፈተውም ስንውጥ ወይም ስናዛጋ ነው። ስለዚህ ጆሮ የሚታመመው ቁልቁለቱ ላይ ሲሆን፣ ከድልድዩ ማዶ ወደ ጎሐ ጽዮን ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ይቀለዋል።

ተረት 2፦ "እስኪከፈት ድረስ ባለ በሌለ ኃይል መግፋት ነው።"

እውነታው፦ የግፊቱ ልዩነት ከሰፋ በኋላ ቱቦው ይበልጥ ይጣበቃል፤ ጉልበት አይከፍተውም። በኃይል መግፋት ታምቡርን ሊቀድ ይችላል። አልፎ አልፎም የውስጠኛውን ጆሮ ስስ ሽፋን ቀድዶ ድንገተኛ የመስማት ችግር፣ ጩኸትና ማዞር ያስከትላል። ትክክለኛው መንገድ ሕመሙ ሳይጀምር፣ ቁልቁለቱ እንደተጀመረ፣ አፍንጫን ይዞ አፍን ገጥሞ ለሁለት ለሦስት ሰከንድ በቀስታ መግፋት ነው። እምቢ ካለ ይተዉት። ከሁሉ የሚሻለው ግን ደጋግሞ መዋጥ ነው፦ ቆሎ መቆርጠም፣ ውሃ ጎንጨት ማለት። ለትንንሽ ልጆች ቆሎ ሊያንቃቸው ስለሚችል ውሃ ይሁንላቸው፤ ሕፃን ደግሞ ጡት ይጥባ።

ተረት 3፦ "ጉንፋን የያዘው ወይም ጆሮው የሚመግል ሰው እፍ ቢል ይጠራለታል።"

እውነታው፦ ቫልሳልቫ ራሱ ዘዴውን ያሰበው መግልን ከጆሮ ለማስወጣት ነበር። የዛሬ ሕክምና ግን ለዚህ አይመክረውም። ጉንፋን የያዘው ሰው አፍንጫውን ዘግቶ ሲገፋ ተሕዋስያን ያሉበት ንፍጥ ወደ ጆሮው ሊገባ ይችላል። ሲናፈጥም አንዱን ቀዳዳ ብቻ ይዞ በቀስታ ይሁን። ለሳምንታት የሚመግል ጆሮ ታምቡሩ ሳይቀደድ ስለማይቀር፣ ዘይት ወይም የቅጠል ጭማቂ ሳይጨመርበት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት።

ተረት 4፦ "ትንፋሽ ለጆሮ እንጂ ለልብ ምን ያደርጋል?"

እውነታው፦ በቡሬ ወይም በፍኖተ ሰላም ገበያ ኩንታል በቆሎ መኪና ላይ የሚጭን ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ትንፋሹን አምቆ ሲያነሣ ፊቱ ይቀላል፣ የአንገቱ ሥር ይገተራል። በደረቱ ውስጥ ያለው ግፊት ስለጨመረ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም መንገድ ላይ ተይዞ ነው። ትንፋሹን ሲለቅ ደሙ ወደ ልብ ይጎርፋል፣ የደም ግፊቱ ለጥቂት ጊዜ ከፍ ይላል፤ ያኔ ልብን የሚያረጋጋው ነርቭ ምቱን ያዘገየዋል።

ሐኪሞች በዚህ ይጠቀማሉ። ያለ ምንም ምክንያት በድንገት ጀምሮ፣ እኩል እየመታ በደቂቃ ከ150 በላይ የሚሮጥ አንድ ዓይነት የልብ ምት አለ፤ በላይኛው የልብ ክፍል በኩል ኤሌክትሪኩ ክብ ሠርቶ ሲዞር የሚመጣ ነው። ነርቩ ያንን ዙር ሊቆርጠው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 በእንግሊዝ ሆስፒታሎች በ428 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ውጤት ታተመ። ሕሙማኑ በከፊል ተቀምጠው ለ15 ሰከንድ ከገፉ በኋላ ወዲያው በጀርባ ተኝተው እግራቸው ለ15 ሰከንድ ከፍ ሲደረግ፣ ከመቶ 43ቱ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ምታቸው ተስተካከለ። በተለመደው አገፋፍ የተስተካከለላቸው ከመቶ 17ቱ ብቻ ነበሩ። የተጨመረው እግር ማንሣት እንጂ ጉልበት አልነበረም።

ተረት 5፦ "እንግዲያው ልብ በዘለለ ቁጥር ማንም ሰው ቤቱ ይሞክረው።"

እውነታው፦ አይሆንም። በአገራችን ብዙ ወጣቶችን የሚጎዳው፣ በልጅነት ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚጀምረው የሪህ ልብ በሽታ፣ የልብን በር አጥብቦ ምቱን ሥርዓት አልባ ያደርገዋል። ያንን ትንፋሽ ማመቅ አይመልሰውም፤ ሕክምናን ግን ያዘገያል። የልብ በሩ የጠበበ፣ በቅርቡ ድንገተኛ የልብ አደጋ የደረሰበት፣ በቅርቡ የዐይን ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ወይም በስኳር በሽታ ዐይኑ የተጎዳ ሰው ትንፋሹን አምቆ መግፋት የለበትም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሙከራ ኢሲጂ (የልብ ምት መመዝገቢያ መሣሪያ) ባለበት፣ በጤና ባለሙያ ፊት ይሁን። በሽታው ታውቆ ሐኪሙ ካስተማረው በኋላ ቤት ቢደግመው ይቻላል። የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን መሳት ካለ ግን ሳይሞክሩ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው።

በቴሌግራም የሚዞረው "ልብህ ሲያምህ ብቻህን ከሆንክ በኃይል አሳል" የሚለው ምክርም ሊታመን አይገባም። ማሳል ሰው ፈልጎ ለመጥራትና ሆስፒታል ለመድረስ ያለውን ውድ ጊዜ ይበላል።

ወደ መንገዳችን እንመለስ። ለተኛ ሰው ቁልቁለቱ ይከብደዋል፤ እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው የሚውጠው ጥቂት ነውና ጆሮው ተዘግቶ ይነቃል። አውቶቡሱ ከደጀን ሲነሣ አጠገባችሁ ልጅም ሆነ አዛውንት ተኝቶ ካያችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ቀስቅሱትና ውሃ አቀብሉት።