ቀዩ አፈርና የአምስት ሣንቲም አክሲዮን

ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ወገኖቻችን በሚሰባሰቡበት ሥፍራ ሁሉ የአክሲዮን ወሬ ደርቷል። ቀድሞ በታክሲ ተራ የሚወራው የአገር ቤት ፖለቲካና የእግር ኳስ ውጤት ነበር። አሁን ግን ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ "ይህችን እያት፣ ዛሬ አምስት ሣንቲም ናት፣ ነገ ዶላር ትገባለች" የሚል አይታጣም። አንድ ሺህ ዶላር ያለው ሰው በአንድ ጀምበር የ20 ሺህ አክሲዮን ባለቤት ይሆናል። ቁጥሩ ራሱ ልብ ያሞቃል። ከእነዚህ የሣንቲም አክሲዮኖች መካከል የትናንሽ ማዕድን ፈላጊ ኩባንያዎች ቁጥር ቀላል አይደለም፤ ከማዕድኖቹም አንዱ ቦክሳይት ነው።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው አትግዙ ለማለት አይደለም። እቁብ ጥሎ፣ ሁለት ሥራ ሠርቶ፣ ለቤት መግዣ ብሎ ያጠራቀመውን ገንዘብ ወደዚህ ለማዞር የሚያስብ ወገን ምን እንደሚገዛ አውቆ ይግዛ ብለን ነው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ቦክሳይት አሉሚኒየም የሚወጣበት አፈር ነው። ስሙን ያገኘው በደቡብ ፈረንሣይ ከምትገኘው ሌ ቦ ከምትባል መንደር ሲሆን፣ ፒየር ቤርቲዬ የተባለው ፈረንሣዊ የማዕድን ሊቅ በ1821 እዚያ አካባቢ ነው ምንነቱን የለየው። ሙቀትና ዝናብ በበዛበት አገር ድንጋይ በሚሊዮን ዓመታት እየታጠበ ሌላው ነገር ሲሄድ፣ አሉሚኒየሙ ከብረት ጋር ወደኋላ ይቀራል። መልኩ አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ወይም ቡናማ የሆነውም በብረቱ ምክንያት ነው። የወለጋንና የጅማን አፈር ያየ ሰው መልኩ እንግዳ አይሆንበትም፤ ቀይ አፈር ሁሉ ግን ቦክሳይት አይደለም። ከአራት ወይም ከአምስት ቶን ቦክሳይት ሁለት ቶን ያህል አሉሚና የሚባል ነጭ ዱቄት ይወጣል፤ ከሁለቱ ቶን ዱቄት ደግሞ አንድ ቶን አሉሚኒየም ይገኛል። ይህ የመጨረሻው ሥራ ብቻውን ለአንድ ቶን ወደ 14 ሺህ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይበላል። እንግዲህ በወጥ ቤታችን ባለው የአሉሚኒየም ድስት ውስጥ ውዱ ነገር መብራቱ ነው። አፈሩ ርካሽ ነው።

ምን ያህል ርካሽ? በ2025 አጋማሽ የጊኒ ቦክሳይት ቻይና ወደብ ደርሶ አንዱ ቶን በ75 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር። ኪሎው ሰባት ሣንቲም ተኩል መሆኑ ነው። በስደት አገር ለአንድ ኪሎ ጤፍ የምንከፍለውን የሚያውቅ ሁሉ ያወዳድረው። ደግሞም ብርቅ አይደለም። በጊኒ ብቻ ከ7 ቢሊዮን ቶን በላይ ክምችት እንዳለ ይገመታል፤ አውስትራሊያ፣ ቬትናም፣ ብራዚልና ጃማይካም ብዙ አላቸው። ስለዚህ አንድ ትንሽ ኩባንያ "መቶ ሚሊዮን ቶን አገኘሁ" ብሎ መግለጫ ሲያወጣ፣ ቁጥሩ የሚያስደነግጠውን ያህል ዋጋ የለውም።

የወርቅ ነገር ከዚህ ይለያል። ብሬክስ የተባለው የካናዳ ኩባንያ በኢንዶኔዥያ ቡሳንግ በተባለ ሥፍራ ተዓምር የሚያሰኝ ወርቅ አገኘሁ ብሎ የገበያ ዋጋው ወደ 6 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ደርሶ ነበር። በ1997 ናሙናው ላይ ከውጭ የመጣ ወርቅ እንደተነሰነሰበት ሲታወቅ ግን የባለአክሲዮኖቹ ወረቀት ወረቀት ሆኖ ቀረ። በቦክሳይት እንዲህ ያለ ተንኮል መሥራት አስቸጋሪ ነው፤ ተራራ ላይ ማን ምን ይነሰንሳል? በቦክሳይት ገንዘብ የሚጠፋው በቅን መንገድ ነው። አፈሩ እውነት አለ፣ ሥራ አስኪያጁ ሐቀኛ ነው፣ የመሬት ሊቁም አልተሳሳተም። ባለአክሲዮኑ ግን ይከስራል። ነገሩ የሚያሰጋውም በዚህ ምክንያት ነው።

የችግሩ ቁልፍ መንገድ ነው። በኪሎ ሰባት ሣንቲም የሚሸጥ ነገር ረጅም መንገድ አይችልም። ከአውስትራሊያ የአክሲዮን ገበያ የገባውን ካንየን ሪሶርስስን እንውሰድ። ኩባንያው በካሜሩን አዳማዋ ክፍለ ሀገር ሚኒም ማርታፕ በተባለው ሥፍራ ከመቶ ከ50 እጅ በላይ አሉሚና ያለው ቦክሳይት ይዟል። ይህ እጅግ ጥሩ የሚባል ደረጃ ነው። ይህ አፈር ትናንት የተገኘ አይደለም፤ ከ50 ዓመት በላይ ሲታወቅ ኖሯል። ታዲያ ለምን ዝም ብሎ ተቀመጠ? ባሕሩ ሩቅ ስለሆነ ነው። ከንጋውንዴሬ እስከ ዱዋላ ወደብ ያለው የባቡር ሐዲድ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ እርሱም ንጋውንዴሬ የደረሰው በ1974 ነው። ከለገሐር እስከ ጅቡቲ የነበረው የጥንቱ ሐዲዳችን 784 ኪሎ ሜትር መሆኑን የሚያስታውስ፣ ወደብ የራቀው አገር ዕቃ ምን እንደሚያስከፍል ከማንም በላይ ያውቃል። ኩባንያው የማውጣት ፈቃዱን በ2024 አገኘ። ከዚያ በኋላ የራሱን ባቡሮችና ፉርጎዎች ለመግዛት መዋዋል፣ በካሜሩን የባቡር ድርጅት ውስጥም ጥቂት ድርሻ መያዝ ግድ ሆነበት። ማለትም አፈር ቆፋሪ መስሎት አክሲዮኑን የገዛ ሰው የባቡር ድርጅት ባለድርሻ ሆኖ አገኘው። ሊሳካ ይችላል። ነገር ግን የባቡሩን ዋጋ የሚከፍል አንድ ሰው መኖር አለበት።

በተቃራኒው በምዕራብ አውስትራሊያ ዳርሊንግ የተባለው የኮረብታ ሰንሰለት አለ። አፈሩ ከመቶ 30 እጅ ገደማ አሉሚና ብቻ ነው ያለው፤ በዓለም ላይ ከሚቆፈሩት ሁሉ ደሃ ከሚባሉት ይመደባል። ሆኖም አልኮዋ የተባለው ትልቅ ኩባንያ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሲጠቀምበት ኖሯል። ማጣሪያዎቹ የተሠሩት እዚያው አጠገብ ነው፤ አፈሩም የማጣሪያውን ሶዳ የሚበላው ዓይነት ሲሊካ ጥቂት ብቻ አለው። ደላላው "ከመቶ 50 እጅ!" እያለ ሲጮህ የሲሊካውንና የርቀቱን ነገር መጠየቅ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ለዚህ የተሻለ ምሳሌ የሚሆነው ሜትሮ ማይኒንግ ነው፤ ምክንያቱም ተሳክቶለታል። ይህ ኩባንያ በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ኬፕ ዮርክ በተባለው ልሳነ ምድር ከዊፓ ከተማ በስተሰሜን ይቆፍራል። መሬቱ ለባሕር ቅርብ ነው። አፈሩ ብዙ ሥራ ሳያሻው ተነፍቶ በጀልባ በስካርደን ወንዝ ይወርድና፣ ባሕር ላይ ቆሞ በሚጠብቀው ትልቅ መርከብ ይጫናል። ሥራ የጀመረው በ2018 ነው። በየዓመቱ የዝናቡ ወራት ሲመጣ ለወራት ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ገቢ የለም፣ ወጪ ግን አለ። በ2021 የመርከብ ኪራይ በዓለም ሲንር ደግሞ ከሽያጩ የሚተርፈው ነገር ተመናመነ። ኩባንያው ግን አልወደቀም። ተበደረ፣ አዲስ አክሲዮን ሸጠ፣ ባሕር ላይ የሚንሳፈፍ መጫኛ አስመጣ፣ በ2024ም ከ5 ሚሊዮን ቶን በላይ ጭኖ ላከ።

ይህን የሰማ ሁሉ ቀድሞ የገዛው ሰው ከበረ ይላል። ሒሳቡን እንሥራው። በ2018 መጀመሪያ አክሲዮኑ 25 የአውስትራሊያ ሣንቲም ገደማ ነበር፤ የአክሲዮኑ ብዛት ደግሞ 1.4 ቢሊዮን ያህል። ስናባዛው የኩባንያው ጠቅላላ ዋጋ 350 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ይመጣል። በ2024 መጨረሻ አክሲዮኑ ከ5 እስከ 6 ሣንቲም ነበር፤ ብዛቱ ግን ወደ 6 ቢሊዮን ደርሷል። ይህም ሲባዛ ከ300 እስከ 360 ሚሊዮን ይሆናል። ኩባንያው ወደ ቀድሞ ዋጋው ተመልሷል ማለት ነው። በ2018 አሥር ሺህ አክሲዮን በ2,500 ዶላር ገዝቶ ዝም ብሎ የተቀመጠው ሰው ግን እጁ ላይ ያለው ከ500 እስከ 600 ዶላር ነው።

ማንም አልሰረቀውም። ጠላው እንግዳ ሲበዛ ቀጠነ እንጂ። እርግጥ ነው የተጨመረው ውኃ ብቻ አይደለም፤ አዲስ አክሲዮን በተሸጠ ቁጥር አዲስ ገንዘብ ገብቷል፤ ኩባንያውም በሕይወት የኖረው በዚያ ገንዘብ ነው። ዳሩ ግን አክሲዮኑ የሚሸጠው በተቸገሩ ጊዜ በመሆኑ ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ ገዢዎቹም አብዛኛውን ጊዜ ትላልቅ ድርጅቶች ናቸው። እኛን የመሰለ፣ ባሕር ማዶ ተቀምጦ በስልኩ የሚገዛ ሰው በዚያ ሽያጭ ላይ የመካፈል ዕድሉ የመነመነ ነው። በአንጻሩ በ2022 መጨረሻ ሁሉም ተስፋ በቆረጠበት ሰዓት በ2 ሣንቲም አካባቢ የገዛ ሰው ገንዘቡን ከእጥፍ በላይ አድርጎታል። ኩባንያው ያው ነው፣ አፈሩም ያው ነው። ልዩነቱ የባቡሩንና የመርከቡን ዋጋ ሌሎች ከከፈሉ በኋላ መግባቱ ነው። እኛ እንደሚመስለን ትንሽ የቦክሳይት ኩባንያ መግዛት ያለበት ሰው ካለ፣ የመጀመሪያዎቹ መርከቦች ከሄዱ በኋላ ቢገዛ ይሻለዋል። የሚያመልጠው ትርፍ ይኖራል፤ ይምለጠው።

ሌላው ነገር መንግሥት ነው። ኢንዶኔዥያ በጥር 2014 ጥሬ ቦክሳይት ከአገር እንዳይወጣ ከለከለች፤ በኋላ ላላ አድርጋ በሰኔ 2023 እንደገና ዘጋች። ከዚህ የተጠቀመችው ጊኒ ስትሆን በ2024 ወደ ውጭ የላከችው ከ140 ሚሊዮን ቶን በላይ ደርሷል። ጊኒ ደግሞ በመስከረም 2021 መፈንቅለ መንግሥት ተደረገባት። አዲሶቹ ገዢዎች አፈሩን እዚሁ አጣሩልን፣ ፋብሪካ ሥሩልን አሉ። በባሕረ ሰላጤው ያሉ አንባቢዎቻችን የሚያውቁት የኤምሬትስ ግሎባል አሉሚኒየም፣ የአቡዳቢና የዱባይ መንግሥታት ንብረት የሆነው ግዙፍ ድርጅት፣ በጥቅምት 2024 ከጊኒ ጭኖ እንዳይወጣ ታገደ፤ በ2025 የማዕድን ፈቃዱ ተወስዶ ለመንግሥት ኩባንያ ተሰጠ። በዚያው ዓመት በግንቦት የሌሎች ብዙ ኩባንያዎች ፈቃድም ተሰርዟል። ከበስተጀርባው ሁለት ነዳጅ ያላቸው ከተሞች የቆሙለት ድርጅት እንዲህ ከሆነ፣ አንድ ቢሮና አምስት ሠራተኛ ያለው ኩባንያ በየትኛው ጉልበቱ ይከራከራል? (ጊኒዎች በገዛ አፈራቸው የተሻለ ጥቅም መፈለጋቸውን እኛ አፍሪካውያን የምንኮንንበት ምክንያት የለም። የባለአክሲዮኑ ኪሳራ ግን በዚህ አይቀንስም።) የአንዱ መዘጋት ለሌላው ሲሳይ መሆኑም አይዘነጋ። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ ዋጋው በቶን ከ100 ዶላር ያለፈው ከጊኒ በተሰማው ወሬ ጭምር ነበር። ወራት ሳይቆይ ወደ 75 ወረደ። መቶ ዶላሩን አይቶ የተሠራ የትርፍ ስሌት ያላቸው መግለጫዎች ግን እስካሁን ይዘዋወራሉ።

ጥቃቅን የሚመስሉ፣ ግን ገንዘብ የሚበሉ ነገሮችም አሉ። በአውስትራሊያ ገበያ ከ10 ሣንቲም በታች የሆነ አክሲዮን የሚንቀሳቀሰው ቢያንስ በሣንቲም አንድ አሥረኛ ነው። ባለ 2 ሣንቲም አክሲዮን ገዢና ሻጭ በአንዲት እርከን ብቻ ቢለያዩ ልዩነቱ ከመቶ አምስት እጅ ነው፤ ገዝቶ በዚያው ደቂቃ የሸጠ ሰው ይህን ያጣል፤ የደላላው ክፍያ ሳይቆጠር። አሜሪካ የምትኖሩ ደግሞ ገቢ የሌላቸው የውጭ ማዕድን ፈላጊ ኩባንያዎች በግብር ሕጉ በተለየ ክፍል ሊመደቡና ቅጽ 8621 ማስሞላት ሊያስከትሉ እንደሚችሉ ዕወቁ፤ ግብር የሚሠራላችሁን ሰው ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁት። በየሠርጉና በየልቅሶው ቤት "ገና ገበያ ያልገባ፣ ለእኛ ለወዳጆች ብቻ" ተብሎ የሚሸጠውን አክሲዮን በተመለከተ የምንለው አጭር ነው፦ ገበያ ያልገባ አክሲዮን መግቢያ አለው፣ መውጫ የለውም።

ለመመርመር ለሚፈልግ ግን መንገዱ ክፍት ነው፤ ገንዘብም አያስከፍልም። በአውስትራሊያ ሕግ ገና ማምረት ያልጀመረ የማዕድን ፈላጊ ኩባንያ በየሦስት ወሩ የገንዘብ እንቅስቃሴውን ማሳወቅ አለበት። ሪፖርቱ የሚወጣው ሩብ ዓመቱ ባለቀ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ነው፤ ማለትም በጥር፣ በሚያዝያ፣ በሐምሌና በጥቅምት መጨረሻ። ሥዕሉንና የሥራ አስኪያጁን ደብዳቤ እለፉት። ከመጨረሻው ገጽ አካባቢ፣ በተራ ቁጥር 8 ሥር፣ በእጁ ያለው ገንዘብ ለስንት ሩብ ዓመት እንደሚበቃው በቁጥር ተጽፎ ይገኛል። ከ2 በታች ከሆነ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ዜና የአዲስ አክሲዮን ሽያጭ ሊሆን እንደሚችል ገምቱ።