የፍል ውሃው ግጦሽ

በአሜሪካ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1872 የተቋቋመው የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ከ10,000 የሚበልጡ ፍል ውሃዎች፣ የእንፋሎት መውጫዎችና የሚንተከተኩ የጭቃ ጉድጓዶች የሚገኙበት ስፍራ ሲሆን፣ ከፍታው ከአዲስ አበባ ከፍታ ጋር የሚቀራረብ በመሆኑ ውሃው የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ይህ ውሃ እጅ የሚልጥ ቢሆንም ባዶ አይደለም፤ በዓይን የማይታዩ ደቂቅ ዘአካላት ይኖሩበታል፣ እነርሱንም ተመግበው የሚያድሩ እንስሳት በዳርቻው ይርመሰመሳሉ።

የእንቁላል ነጩ ክፍል ሲቀቀል እንደሚረጋ ሁሉ፣ የአብዛኞቹ ሕያዋን ፕሮቲን በሙቀት ቅርጹን ያጣል። የፍል ውሃ ባክቴሪያዎች ግን ሙቀት የማይበግረው ፕሮቲን አላቸው። ቶማስ ብሮክ የተባለው ተመራማሪና ተማሪው ሃድሰን ፍሪዝ በ1966 ከፓርኩ ፍል ውሃ በወሰዱት ናሙና ውስጥ በ70 ዲግሪ ሙቀት የሚፋፋ ባክቴሪያ አግኝተው በ1969 ቴርሙስ አኳቲከስ የሚል ስያሜ ሰጥተው አስተዋወቁት። ከዚህ ባክቴሪያ የተገኘው ኢንዛይም፣ ማለትም ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን፣ ዘረመልን በላቦራቶሪ ለማባዛት የሚያገለግለውን የፒሲአር ዘዴ ቀልጣፋ አድርጎታል።

ውሃው ከምንጩ ርቆ በፈሰሰ ቁጥር እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ፣ እያንዳንዱ የሙቀት ደረጃ የራሱ ነዋሪዎች አሉት። ሙቀቱ ወደ 73 ዲግሪ ዝቅ ሲል ሳይኖባክቴሪያ የሚባሉት መታየት ይጀምራሉ፤ እነዚህም እንደ ዕፅዋት በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ከሌሎች ባክቴሪያዎች ጋር እየተያያዙ ሲባዙም እንደ እንጀራ የተነባበረ፣ ከላይ አረንጓዴ ወይም ብርቱካናማ፣ ሲነካ የሚያሟልጭ ንጣፍ ይሠራሉ። በሜዳ ላይ ሣር ለከብት የሆነውን ያህል፣ በፍል ውሃ ዳር ይህ ንጣፍ ለእንስሳቱ ግጦሻቸው ነው።

የዚህ ግጦሽ ዋነኛ ተጠቃሚ ኤፊድራ የምትባል ትንሽ ዝንብ ናት። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ብዙም በማይርቅበት ስፍራ በንጣፉ ላይ እየተራመደች ትግጣለች፤ ወደ ውሃው መግባት ሲያስፈልጋትም በሰውነቷ ላይ ያሉት ደቃቅ ፀጉሮች አየር አቅፈው ስለሚይዙላት፣ በአረፋ ተሸፍና ሳትረጥብ ትመለሳለች። እንቁላሎቿን ከውሃው ብቅ ባለው የንጣፉ ክፍል ላይ ትጥላለች፤ ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭም ንጣፉን እየበላ ያድጋል። አካባቢው በበረዶ በሚሸፈንበት ክረምት እንኳ ውሃው ሙቀቱን ስለማያጣ የዝንቦቹ ሕይወት አይቋረጥም።

ዝንቧ ግን ብቻዋን አይደለችም። ከመዥገር ጋር የምትዛመድ ደቃቅ ቀይ ፍጡር የዝንቧን እንቁላሎች ትመጥጣለች፤ ይህችው ፍጡር በልጅነቷ የምትጓዘው በዝንቦቹ አካል ላይ ተለጥፋ ነው። ሸረሪቶች፣ ጥንዚዛዎችና ሌሎች አዳኝ ዝንቦች ከዳር ሆነው ያድኗቸዋል፤ ኪልዲር የተባለችው ወፍም ከእነዚሁ ዝንቦች እየለቀመች ትመገባለች። ስለዚህ በወፏ አካል ውስጥ ያለው ጉልበት ወደ መነሻው ቢከተሉት የሚያደርሰው በዓይን ወደማይታየው ሳይኖባክቴሪያ ነው።

ንጣፉና ዝንቡ የሚመጋገቡበት መንገድም አስደናቂ ነው። ንጣፉ እየወፈረ ሲሄድ የውሃውን መንገድ ይዘጋና ያዛባል፤ ከውሃው ከፍ ያለው ክፍሉም ይቀዘቅዛል፤ ይህን ጊዜ ዝንቦቹ ይሰፍሩበታል፣ እጮቹም ይቦረቡሩታል። ንጣፉ ሲፈራርስ ሞቃቱ ውሃ ተመልሶ ያልፍበታል፤ አዲስ ንጣፍም ይበቅላል። በዚህ ዑደት ውስጥ የጥቂት ዲግሪ ልዩነት በማን ማዕድ ማን እንደሚቀርብ ይወስናል።

ይህ ሚዛን ምን ያህል ስስ እንደሆነ በፓርኩ የሚገኘው ሞርኒንግ ግሎሪ የተባለው ኩሬ ያሳያል። ጎብኚዎች ለዓመታት የወረወሯቸው ሳንቲሞችና ቁሳቁሶች የሙቅ ውሃውን መውጫ ስላጠበቡት ኩሬው ቀዝቅዟል፤ ቀድሞ በዳርቻው ብቻ ይኖሩ የነበሩት ብርቱካናማና ቢጫ ባክቴሪያዎችም ሰማያዊ ወደነበረው መሐሉ ገፍተው ገብተዋል። ንጣፉን የሚረግጥ ጫማም የሚደመስሰው ተራ አረንቋ ሳይሆን የዝንቧን፣ የሸረሪቷንና የወፏን ግጦሽ ነው፤ ፍል ውሃን መጠበቅ ማለትም የውሃውን ሙቀትና ይህን ስስ ንጣፍ መጠበቅ ማለት ነው።