ደብዳቤው ለማን ደረሰ? የማስታወቂያ አደራረስ በግንባታ ክፍያ ግልግል

በግንባታ ክፍያ ክርክር ውስጥ ሁለት ዓይነት ማስታወቂያ አለ፤ ጠበቆች ሳይቀሩ ያምታቷቸዋል። አንደኛው በውሉ ዕድሜ የሚጻፈው ነው። ተቋራጩ ክፍያ ዘገየብኝ፣ ሥራ ላቆም ነው፣ ያልታሰበ ወጪ ገጠመኝ ይልበታል። ሁለተኛው የግልግሉን በር የሚከፍተው ነው፤ ጉዳዩን ወደ ዳኝነት ወስጄዋለሁና ዳኛህን ምረጥ ይላል። አንደኛው ሲበላሽ የሚጠፋው ገንዘብ ነው። የሁለተኛው ይከፋል፤ ለዓመታት ተሟግተው ያገኙት ውሳኔ በአንድ አቤቱታ ሊፈርስ ይችላል።

በውሉ በኩል ያለው ሰዓት ምን ያህል ጥብቅ እንደሆነ ለማየት እ.ኤ.አ. የ1999ኙን የፊዲክ ቀይ መጽሐፍ የተባለውን መደበኛ የግንባታ ውል መግለጥ ይበቃል። በአንቀጽ 14.7 አሠሪው በየጊዜው የሚመሰከርለትን ክፍያ የሚከፍልበት የ56 ቀን ገደብ የሚቆጠረው መሐንዲሱ የተቋራጩን የክፍያ ጥያቄ ከነማስረጃው ከተቀበለበት ቀን ጀምሮ ነው። ሳይከፈለው የቀረ ተቋራጭ በአንቀጽ 16.1 ሥራውን ማቆም ወይም ማዝገም ቢፈልግ ቢያንስ የ21 ቀን ማስታወቂያ መስጠት አለበት። ተጨማሪ ጊዜ ወይም ገንዘብ የሚጠይቅ ከሆነ ደግሞ አንቀጽ 20.1 ነገሩን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ቀን አንሥቶ 28 ቀን ብቻ ይሰጠዋል፤ ካለፈው መብቱ ይቀራል። የሚገርመው በዘገየ ክፍያ ላይ የሚታሰበው የፋይናንስ ወጪ በአንቀጽ 14.8 መሠረት ማስታወቂያ አለመጠየቁ ነው። ያን የሚያውቅ ተቋራጭ ጥቂት አይቻለሁ፤ ብዙዎች ሳይጠይቁት ይቀራሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው እትም ደግሞ ማስታወቂያ የሚባል ጽሑፍ ማስታወቂያ መሆኑ በላዩ ላይ እንዲገለጽ ያዛል። በስብሰባ ቃለ ጉባኤ መካከል የተወረወረች ዓረፍተ ነገር ከእንግዲህ ማስታወቂያ ነበረች ብሎ መከራከር ከባድ ነው።

በእኛ ሀገር ቤት ውል ላይ የተመሠረተ ክርክርም የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1772 ይዞ ይመጣል፤ ውል አልተፈጸመልኝም የሚል ወገን አስቀድሞ ሌላውን ማስጠንቀቅ አለበት። ማስረጃው የሚገኘው ግን ከሕጉ ሳይሆን ከመዝገብ ቤት ነው። ገቢ ቁጥር፣ ማኅተም፣ የተረካቢው ስምና ፊርማ። የአሠሪው መሥሪያ ቤት ደብዳቤውን አልቀበልም ሲል፣ ወይም የሳይቱ ዘበኛ ተቀብሎ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጠው፣ ኋላ የሚመጣው ጭቅጭቅ ቀላል አይደለም። ለአማካሪው የሄደ ግልባጭ ለአሠሪው እንደደረሰ ይቆጠራል ብሎ መተማመንም አያዋጣም፤ ውሉ ለማን እንደሚላክ ስም ጠቅሶ ከተናገረ ለእሱ ነው የሚላከው። በዚህ ላይ የአንደኛው ወገን ደብዳቤ በኢትዮጵያ፣ የሌላኛው በጎርጎርዮሳዊው ቀን ሲጻፍ የ28 ቀን ቆጠራ ራሱ የክርክር ጭብጥ ይሆናል።

ፍርድ ቤቶች ስለ አደራረስ ያላቸው አቋም ግን ከሚፈራው በላይ ልል ነው። ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነው በጊብራልታር አውሮፕላን ማረፊያ የመንገድና የዋሻ ፕሮጀክት ላይ በስፔኑ ተቋራጭ ኦብራስኮን ዋርቴ ላይን እና በጊብራልታር መንግሥት መካከል የተነሣው ክርክር ነው። ውሉ የፊዲክ ቢጫ መጽሐፍ ነበር። የውል ማቋረጫው ደብዳቤ በውሉ ወደ ተጠቀሰው የማድሪድ ዋና መሥሪያ ቤት ሳይሆን ወደ ተቋራጩ የሳይት ቢሮ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2014 የእንግሊዝ የቴክኖሎጂና የግንባታ ፍርድ ቤት ደብዳቤው ለሚመለከተው መድረሱ እስከተረጋገጠ ድረስ የአድራሻው ስህተት ማቋረጡን አያፈርሰውም አለ። ፍርዱን አንብቤ የተረዳሁት ዳኛው የወረቀቱን መንገድ ሳይሆን መድረሻውን እንደመዘኑ ነው።

ኢሜይል ሲመጣ ግን ይኸው ሚዛን ወደ ሁለት ጎን ያዘነብላል። እ.ኤ.አ. በ2005 በተወሰነው የበርኑት ላይንስ የመርከብ ጉዳይ የግልግል ማስታወቂያ የተላከው ኩባንያው ራሱ ለሕዝብ ባወጣው አጠቃላይ የኢሜይል አድራሻ ነበር። ሠራተኞቹ አይፈለጌ መልእክት መስሏቸው ተዉት፤ ፍርድ ቤቱ ደርሷል አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 በግሌንኮር አግሪካልቸር ጉዳይ ግን ማስታወቂያው የሄደው የመርከብ ጉዳይ ሲከታተል ወደ ነበረ አንድ ሠራተኛ የግል የሥራ ኢሜይል ነበር። ሰውየው ኩባንያውን ወክሎ የዳኝነት ወረቀት የመቀበል ሥልጣን ስላልነበረው ውሳኔው ፈረሰ። ሁለቱ ጉዳዮች የግንባታ ባይሆኑም የሳይት መሐንዲስ ኢሜይል ላይ የሚተማመን ተቋራጭ ሊያነባቸው ይገባል። ግንባታ ቀመስ ምሳሌ ከተፈለገ ደግሞ የአውስትራሊያዋ ኩዊንስላንድ አለች። በዚያ የክፍያ ክርክርን በፍጥነት የሚፈታ፣ ከግልግል የተለየ ሕጋዊ ሥርዓት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በቤዝቴክ ጉዳይ ፍርድ ቤቱ በኢሜይል የተላከ የድሮፕቦክስ ማስፈንጠሪያ ውስጥ ያሉትን ሰነዶች እንደ ማድረስ አልቆጠረም።

እነዚህን ሁሉ የሚያስተሳስረው ዓለም አቀፍ መሠረት ሁለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው የኒውዮርክ ስምምነት አንቀጽ 5(1)(ለ) ስለ ዳኛ ሹመት ወይም ስለ ሂደቱ በአግባቡ ያልተነገረው ወገን ውሳኔው እንዳይፈጸምበት እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል። የተባበሩት መንግሥታት የንግድ ሕግ ኮሚሽን (አንሲትራል) ያወጣው ሞዴል ሕግ አንቀጽ 3 ደግሞ በአካል፣ በሥራ ቦታ፣ በመኖሪያ ወይም በፖስታ አድራሻ የደረሰን ደብዳቤ እንደ ደረሰ ይቆጥራል። በቂ ፍለጋ ተደርጎ ካልተገኘ በመጨረሻ በሚታወቀው አድራሻ በአደራ ደብዳቤ መላክ ይበቃል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በአዋጅ ቁጥር 1184/2012 ተቀብላለች፤ በቀጣዩ ዓመት የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ወጣ። ስለዚህ የውጭ ተቋራጭ እዚህ መጥቶ ውሳኔ ሲያስፈጽምም ሆነ የእኛው ተቋራጭ ውጭ ሲሄድ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ ማስታወቂያው በአግባቡ ደርሷል ወይ?

አንድ ነገር በተለይ ይርጋ ለሚያሳስበው ይጠቅማል። በሞዴል ሕጉ ግልግል የሚጀመረው ተጠሪው ጥያቄውን በተቀበለበት ቀን ሲሆን፣ በፓሪሱ ዓለም አቀፍ የንግድ ምክር ቤት ደንብ ግን ጽሕፈት ቤቱ በተቀበለበት ቀን ነው። ውላችሁ የትኛውን እንደጠቀሰ ሳታዩ በመጨረሻው ሳምንት ደብዳቤ መላክ አደገኛ ነው።

ተጠሪው ጭራሽ ካልመጣ ሥራው በሙሉ በከሳሹና በጉባኤው ላይ ይወድቃል። ዳኞቹ በሌለበት ሊቀጥሉ ይችላሉ፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ጥሪ መድረሱ ብቻ አይበቃቸውም። የቀጠሮው፣ የሰነድ ትእዛዙና የመጨረሻው የቃል ክርክር ማስታወቂያም ለተጠሪው ተልኮ የኩሪየር ደረሰኙ ወይም የመዝገብ ቤቱ ማኅተም መዝገቡ ውስጥ ሊቀመጥ ይገባል፤ አስፈጻሚው ፍርድ ቤት ኋላ የሚጠይቀው ይህንኑ ነውና።