የማሽላ መልክ ለዘር መራጭ ምስክር ስለ መሆኑ

በራያ ቆቦ ቆላ፣ በጎብዬና በአካባቢዋ፣ የማሽላ ብርቱ ጠላት አቀንጭራ ነው። ይህ አረም ከመሬት ብቅ ከማለቱ አስቀድሞ ከማሽላው ሥር ተጣብቆ ምግቡን ስለሚመጠው፣ ገበሬው የሚያየው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ስለዚህም በ1992 ዓ.ም. ጎብዬና አብሽር የተባሉ፣ አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዘሮች ተለቀቁ። በዚህ ሥራ የታወቁት ኢትዮጵያ የተወለዱት ሊቅ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል።

የአቀንጭራ ዘር የሚበቅለው ከማሽላ ሥር የሚወጣ ቅመም ሲቀሰቅሰው ነው፤ የጎብዬ ሥር ግን ይህን ቅመም የሚያወጣው በጥቂቱ ነው። ይህን ጠባይ እንደ ደጋሊትና እንደ ጅጉርቲ ወዳለው የአገር ማሽላ ለማሳለፍ ሁለቱን ማዳቀል ያስፈልጋል። ነገር ግን የማሽላ አበባ እጅግ ትንሽና ወንዴንና ሴቴን በአንድነት የያዘ ነውና፣ ወንዴው በወረንጦ ሲለቀም አንዳንዱ ይቀራል፤ ያን ጊዜ እናቲቱ ከራሷ ብናኝ ታፈራለች። ፍሬውም ዲቃላ መሆኑ በዓይን አይለይም።

በዚህ ጊዜ መልክ ምስክር ይሆናል። አገዳንና ቅጠልን፣ በተለይም ቅጠሉ የቆሰለበትን ስፍራ፣ ወይን ጠጅ የሚያደርገው ዘረ መል የገለባ መልክ የሚሰጠውን ያሸንፋል። እንግዲህ የገለባ መልክ ያላት እናት ወይን ጠጅ መልክ ካለው ንጹሕ ዘር ብትዳቀል፣ ከልጆቿ ወይን ጠጅ የሆነው እውነተኛ ዲቃላ ነው፤ የእናቲቱን መልክ የያዘው ከራሷ ብናኝ የተገኘ ስለ ሆነ ይነቀላል። እናቲቱ ራሷ ወይን ጠጅ የሆነች እንደ ሆነ ግን ልጆቿ ሁሉ አንድ መልክ ይሆናሉና ምስክሩ ይጠፋል።

የወረዳ ሹማምንት ይህን ማስተዋል ይገባቸዋል፤ መልክ የሚመሰክረው ለመዳቀሉ ነው እንጂ አቀንጭራን ለመቋቋሙ አይደለም። ቅመሙን በጥቂቱ የማውጣት ጠባይ ተሸናፊ ስለ ሆነ በመጀመሪያው ዲቃላ አይገለጥም፤ በሁለተኛው ትውልድ ግን ከ4 ተክል በ1ዱ ያህል ይመለሳል። ይህንም የሚለየው አቀንጭራ ባለበት መሬት ወይም በላቦራቶሪ የሚደረግ ፈተና ብቻ ነው። መልኩን ብቻ አይቶ ዘር ማከፋፈል ገበሬውን የዓመት ምርቱን ሊያሳጣው ይችላል።

በዘር ማባዣ እርሻም ባዕድ መልክ ያለው ተክል ቢገኝ፣ ዘሩ መደባለቁን ያመለክታልና ሳያብብ ይነቀል። የሁሉም መልክ አንድ መሆኑ ግን ብቻውን ለዘሩ ንጽሕና ማስረጃ አይሆንም።