ጠንካራ አሲድ በእርግጥ ሙሉ በሙሉ ይበታተናልን?

የኬሚስትሪ መማሪያ መጻሕፍት ናይትሪክ አሲድን ከጠንካራ አሲዶች ወገን ይመድቡታል። ይኸውም በውኃ ውስጥ ፕሮቶኑን ለውኃ ሞለኪውል አስረክቦ ሃይድሮኒየምና ናይትሬት ወደተባሉ አዮኖች ሙሉ በሙሉ ይበታተናል ማለት ነው። አባባሉ በብዙ ውኃ ለተበረዘ አሲድ ይሠራል። ከክብደቱ 68 በመቶ ገደማ አሲድ ለሆነው የቤተ ሙከራ ፈሳሽስ? በዚህ ላይ የተለመደው የፒኤች መለኪያ አያስተማምንም፤ ፕሮቶኑን ራሱን መጠየቅ ግድ ይላል።

ፌሊክስ ብሎክና ኤድዋርድ ፐርሰል እ.ኤ.አ. በ1946 በየፊናቸው ያስታወቁት ኒውክሊየር ማግኔቲክ ሬዞናንስ ለዚህ ያገለግላል። በብርቱ መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ያለ ፕሮቶን የተወሰነ ድግግሞሽ ያለውን የሬዲዮ ሞገድ ይመጥጣል። በዙሪያው ያሉት ኤሌክትሮኖች በከፊል ስለሚከልሉት ግን ድግግሞሹ እንደሚገኝበት ሞለኪውል በጥቂቱ ይለያያል። በሃይድሮኒየም ላይ ያለው ፕሮቶን በውኃ ላይ ካለው ያነሰ ከለላ አለው።

አንባቢ ለውኃ፣ ለሃይድሮኒየምና ላልተበታተነው አሲድ ሦስት መስመሮችን ይጠብቅ ይሆናል። የሚታየው ግን አንድ ብቻ ነው! በፍጥነት በሚሽከረከር የብስክሌት ጎማ ላይ ዓይን ሽቦዎቹን ነጥሎ እንደማያይ ሁሉ፣ መሣሪያውም ከሞለኪውል ወደ ሞለኪውል የሚዘሉትን ፕሮቶኖች ሊለይ አይችልም። የመስመሩ ቦታ እንግዲህ የሦስቱ አማካይ ነው፤ የእያንዳንዳቸውም ክብደት የያዙት የፕሮቶን ብዛት ነው።

በእኔ አስተያየት የዘዴው ውበት ይህን እንቅፋት የሚመስል ነገር መለኪያ ማድረጉ ነው። አሲዱ ሙሉ በሙሉ ቢበታተን እያንዳንዱ ሞለኪውል አንድ ሃይድሮኒየም፣ ማለትም 3 ፕሮቶኖች ያስገኛል። የአሲዱን ሞለኪውሎች ቁጥር በ3 አባዝተን በፈሳሹ ውስጥ ላለው ጠቅላላ የፕሮቶን ቁጥር ብናካፍል የሃይድሮኒየምን ድርሻ እናገኛለን። መስመሩ ከንጹሕ ውኃ ቦታ ፈቀቅ የሚልበት መጠንም ከዚህ ድርሻ ጋር እኩል ማደግ ይኖርበታል። ጉቶውስኪና ሳይካ እ.ኤ.አ. በ1953፣ ሁድ፣ ሬድሊክና ራይሊ ደግሞ በ1954 ያሳተሟቸው ጥናቶች በዚህ ሐሳብ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። የናይትሪክ አሲድ ግራፍ ሲጀምር ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ አሲዱ ሲበዛ ግን ይታጠፋል። ከመታጠፉ መጠን ያልተበታተነው ክፍል ይሰላል።

የናይትሪክ አሲድ የመበታተን ቋሚ ቁጥር 24 አካባቢ ነው፤ የአሴቲክ አሲድ 0.000018 ብቻ ነው። በ24 ብናሰላ በሊትር 0.1 ሞል አሲድ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ከ1000 ሞለኪውሎች ሳይበታተኑ የሚቀሩት በግምት 4 ናቸው። መጻሕፍቱ ቢዘሏቸው አያስገርምም። ባልተበረዘው አሲድ ውስጥ ግን ቁጥራቸው የሚናቅ አይደለም።

አንድ ጥንቃቄ አለ። በአዮኖችና በውኃ መካከል ያለው መሳሳብም መስመሩን ፈቀቅ ሊያደርገው ስለሚችል፣ መታጠፍ ሁሉ ያልተበታተነ አሲድ ምልክት አይደለም። የፐርክሎሪክ አሲድ ውጤት ያከራከረውም በዚህ ምክንያት ነው። ለናይትሪክ አሲድ ግን ሌላ ምስክር ይገኛል፤ የራማን የብርሃን ብተና ከፕሮቶኖቹ ዝላይ የፈጠነ በመሆኑ ናይትሬትንና ያልተበታተነውን ሞለኪውል ለየብቻ ያሳያል። ሬድሊክና ቢግላይዘን እ.ኤ.አ. በ1943 አሲዱን የመረመሩት በዚህ መንገድ ነበር።