ስማችን በየትኛው ዓምድ ይግባ?

ኤግሊንተን ዌስት አካባቢ የሚኖር ሰው በቀን ስንት ጊዜ ዳታቤዝ እንደሚጠቀም ቆጥሮ አያውቅም። አውቶቡስ ሲሳፈር ፕሬስቶ ካርዱን ያስነካል፤ ከመጀመሪያው ጉዞው ሁለት ሰዓት ካልሞላ ደግሞ እንደገና አይከፍልም። ማሪያ ሹካ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ መጽሐፍ ይዋሳል። ሐኪም ጋ ሄዶ የጤና ካርዱን ያሳያል። ከእያንዳንዱ ጀርባ መዝገብ አለ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምማረው ይህን መዝገብ ማደራጀትና መጠበቅን ነው። ትምህርቱ የዳታቤዝ አስተዳደር ይባላል።

እናቴ ምን እንደምማር ስትጠይቀኝ «የእድር ጸሐፊነት ነው፣ እማዬ» አልኳት። ሳቀችና «ታዲያ ለዚያ ዩኒቨርሲቲ ምን አስኬደሽ?» አለችኝ። ቀልድ ቢሆንም ነገሩ እውነትነት አለው።

እድር ጎረቤቶችና ወዳጆች በየወሩ ገንዘብ እያዋጡ፣ ለቅሶ ሲደርስ የሚረዳዱበት ማኅበር ነው። ጸሐፊው ሁለት መዝገብ ይይዛል እንበል። በአንደኛው የአባላት ስምና ስልክ አለ፤ በሁለተኛው በየወሩ የተከፈለው መዋጮ አለ። በዳታቤዝ ቋንቋ እያንዳንዱ መዝገብ ሰንጠረዥ ነው። ወደ ጎን የሚሄደው መስመር ረድፍ ይባላል፤ አንድ ረድፍ ስለ አንድ አባል ይናገራል። ወደ ታች የሚወርደው ዓምድ ነው፤ አንዱ ዓምድ ለስም፣ ሌላው ለስልክ ይሆናል።

ጸሐፊው ስልክ ቁጥሩን በየወሩ ከመዋጮው ጎን ቢጽፈው ምን ይሆናል? አንድ አባል ስልክ ሲቀይር አሥራ ሁለት ቦታ ማረም ይኖርበታል። አንዱን ከዘለለ መዝገቡ ሁለት ዓይነት ስልክ ይይዛል፤ የትኛው ትክክል እንደሆነም አይታወቅም። ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ ቀላል ነው፦ አንድ መረጃ በአንድ ቦታ ብቻ ይጻፋል። የመዋጮው መዝገብ ስልኩን አይደግምም፤ የአባልነት ቁጥሩን ብቻ ይይዛል። ስልኩን የፈለገ ሰው በዚያ ቁጥር ወደ አባላት መዝገብ ይሄዳል።

ሰንጠረዦችን በዚህ መንገድ የማያያዝን ሐሳብ በሒሳብ መልክ ያቀረበው እንግሊዝ አገር የተወለደው ኤድጋር ኮድ ነው። አሜሪካ ውስጥ በአይቢኤም ኩባንያ ሲሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለዚህ ጉዳይ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ከዚያ በፊት መረጃ የሚፈልግ ባለሙያ መረጃው ኮምፒውተሩ ውስጥ የት እንደተቀመጠና በየትኛው መንገድ እንደሚደረስበት ማወቅ ነበረበት። የኮድ ሐሳብ ግን «የምትፈልገውን ተናገር፤ ፍለጋውን ለማሽኑ ተወው» የሚል ነበር። ዛሬ የምንማረው ኤስኪውኤል የተባለው ቋንቋ ከዚህ ሐሳብ የተወለደ ነው።

አሁን ወደ አባልነት ቁጥሩ እንመለስ። ጸሐፊው በስም ብቻ ለምን አይሠራም? ምክንያቱም በአንድ እድር ሦስት አበበ ከበደ ሊኖሩ ይችላሉ። አንድን ረድፍ ከሌሎች ሁሉ የሚለየው ቁጥር ዋና ቁልፍ ይባላል። ቁልፍ አይደገምም፣ ባዶ አይሆንም፣ ባይቀየርም ይመረጣል።

ስም ግን ይቀየራል። ለዚህ ከሰፈራችን የተሻለ ምሳሌ የለም። የኤግሊንተን ዌስት ሰብዌይ ጣቢያ በዚህ ስም የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። በኤግሊንተን ጎዳና አዲስ የባቡር መስመር ሲሠራ ግን የጣቢያው ስም ሴዳርቬል እንዲሆን ተወሰነ። የጣቢያው ስም ቁልፍ ሆኖ ቢሆን ኖሮ፣ ያ ስም የገባበት ረድፍ ሁሉ መታረም ነበረበት። ጣቢያው በቁጥር ከተመዘገበ ግን የሚቀየረው በአንድ ሰንጠረዥ ያለ አንድ ረድፍ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ስለ እኛ ቤተሰቦች ምን ይነግረናል? ብዙ።

ካናዳ ውስጥ አብዛኛው ቅጽ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ የራስ ስምና የቤተሰብ ስም። በእኛ ባህል ግን የቤተሰብ ስም የለም። የራሳችን ስም አለ፤ ከዚያ የአባት፣ ከዚያ የአያት ስም ይከተላል። ሴት ስታገባ ስሟን አትቀይርም። አባት ተስፋዬ ገብሬ፣ እናት አልማዝ በቀለ፣ ልጅ ሣራ ተስፋዬ እንበል። በቅጹ መሠረት የአባት የቤተሰብ ስም ገብሬ፣ የእናት በቀለ፣ የልጅ ተስፋዬ ይሆናል። በአንድ ቤት የሚኖሩ ሦስት ሰዎች በሰንጠረዡ ውስጥ የማይተዋወቁ ይመስላሉ።

እንደ ገብረ መድኅን ያሉ ስሞች ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው። ትርጉሙ «የመድኅን አገልጋይ» ነው፤ ሁለቱ ቃላት አንድ ስም ናቸው። ማሽኑ ግን መካከላቸው ክፍት ቦታ ሲያይ «ገብረ»ን የራስ ስም፣ «መድኅን»ን የአባት ስም አድርጎ ሊከፍላቸው ይችላል። «ገብረ» ብቻውን ሲቀር የማን አገልጋይ እንደሆነ ያልተነገረ አገልጋይ ይሆናል።

የስሙ ነገር በቀን መቁጠሪያ ሲታገዝ ደግሞ ጉዳቱ ይጨምራል። እናቴ የተወለደችው ጳጉሜን 3 ቀን 1950 ዓ.ም. ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 8 ቀን 1958 ማለት ነው። ዓመታችን አሥራ ሦስት ወር አለው፤ ጳጉሜን አምስት ወይም ስድስት ቀን ያላት አሥራ ሦስተኛዋ ወር ናት። የቀን ዓምድ ግን ከአሥራ ሁለት በላይ ወር አይቀበልም።

አንድ የጥርስ ክሊኒክ እናቴን መጀመሪያ ሲመዘግባት፣ ዓመቱን እንደነገረችው 1950 ብሎ ቀኑን ጃንዋሪ 1 አደረገው። የቤተሰብ ስሟ በሚለው ዓምድ ደግሞ የአያቷን ስም ጻፈ። ከዓመታት በኋላ በትክክለኛው መታወቂያዋ ስትሄድ ኮምፒውተሩ አላገኛትም፤ አዲስ ፋይል ተከፈተላት። ከዚያ በኋላ እናቴ በዚያ ክሊኒክ ሁለት ሴቶች ሆነች።

አሮጌው ፋይል ፔኒሲሊን እንደማይስማማት ይናገራል። በአዲሱ ፋይል ያ ዓምድ ባዶ ነበር። ጥርሷ ሲያመረቅዝ የጥርስ ሐኪሙ አዲሱን ፋይል አይቶ አሞክሲሲሊን አዘዘላት። አሞክሲሲሊን ደግሞ ከፔኒሲሊን ቤተሰብ ነው። ያዳናት ፋርማሲስቷ መድኃኒቱን ከመስጠቷ በፊት «የማይስማማዎት መድኃኒት አለ?» ብላ በቃል መጠየቋ ነው። እናቴም አንድ ጊዜ ወስዳው ፊቷ እንዳበጠ ነገረቻት፤ መድኃኒቱም ተቀየረ።

ክሊኒኩ ፋይሎቹን እንዲያስተካክል በጽሑፍ ጠየቅን። ኦንታሪዮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የግል ጤና መረጃ ጥበቃ ሕግ ይህን መብት ይሰጣል። ክሊኒኩ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት ወይም ተጨማሪ ጊዜ እንደሚያስፈልገው ማሳወቅ አለበት። ሁለቱ ፋይሎችም አንድ ሆኑ።

ፋይል ማዋሐድ አንዱን አጥፍቶ ሌላውን ማስቀረት ማለት አይደለም። አስተዳዳሪው በመጀመሪያ ሁለቱ ረድፎች በእርግጥ የአንድ ሰው መሆናቸውን በመታወቂያ ያረጋግጣል። ከዚያ የዳታቤዙን ምትክ ቅጂ ያስቀምጣል። በአሮጌው ቁጥር ሥር ያሉትን ራጅ፣ ቀጠሮና ማስጠንቀቂያ ሁሉ ወደ አንዱ ቁጥር ያዛውራል። ዝውውሩ ወይ ሙሉ በሙሉ ይፈጸማል፣ ወይ ምንም እንዳልተደረገ ሆኖ ይመለሳል፤ መሃል መንገድ ላይ አይቆምም። ይህን ትራንዛክሽን ይሉታል። በመጨረሻም ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረ ይመዘገባል። ምትክ ቅጂውም አለ ተብሎ ብቻ አይታመንም፤ መልሶ የሚሠራ መሆኑ በየጊዜው መሞከር አለበት።

ፊደላችንም የራሱ ጥያቄ አለው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዩቲኤፍ ስምንት በተባለው አጻጻፍ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ፣ አንድ የእኛ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። «ገብረ መድኅን ወልደ ማርያም» ከነክፍት ቦታው 45 ባይት ነው። የስሙ ዓምድ 30 ባይት ብቻ ከተሰጠው አብዛኛው የአባቱ ስም በር ላይ ይቀራል። የእኛን ፊደል የማያውቅ ዳታቤዝ ደግሞ በስሙ ፈንታ የጥያቄ ምልክት ይደረድራል፤ ከጥያቄ ምልክት ስምን መልሶ ማውጣት አይቻልም።

ፍለጋም አለ። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ ለማሽኑ ግን የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን እንደ አንድ ቆጥሮ እንዲፈልግ የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል። ይህን ሊነግረው የሚችለው አማርኛ የሚያነብ ባለሙያ ነው። እናንተ ዛሬ ፊደል ስትቆጥሩ የምትማሩት ነገር ክፍላችን ውስጥ ሌላ ማንም የማያውቀው እውቀት ሊሆን ይችላል።

ኢትዮጵያ ራሷ ይህን ችግር እየፈታች ያለችው ፋይዳ በተባለው ዲጂታል መታወቂያ ነው። ስለ እሱ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ተመዝጋቢው የጣት አሻራ፣ የዓይንና የፊት ምስል ይሰጣል፤ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብም በእነዚህ ይጣራል። ከዚያ የማይደገም ባለ 12 አሃዝ ቁጥር ይሰጠዋል። ቁልፉ ቁጥሩ ነው፤ ስሙ ግን በራሱ ዓምድ እንደ ስም ይቀመጣል።

እኔ ሰንጠረዥ የመሥራት ዕድል ስላገኘሁ ሁለት ዓምድ አስገባለሁ፦ አንዱ «ሙሉ ስም»፣ ሌላው «ምን ብለን እንጥራዎት?» የሚል። ለዚህ የሚያስፈልገው ወጪ ጥቂት ባይት ብቻ ነው።

እናንተም በዚህ ሳምንት ከወላጆቻችሁ ጋር አንድ ወረቀት አዘጋጁ። የእያንዳንዱን የቤተሰብ አባል ስም እስከ አያት ድረስ በአማርኛ ጻፉ፤ ከጎኑ በፓስፖርቱ ላይ ያለውን የእንግሊዝኛ አጻጻፍ አንድም ፊደል ሳትቀይሩ ገልብጡ። የልደት ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር አስገቡ። የማይስማማውን መድኃኒት ጨምሩ። ከዚያ ወረቀቱን ይዛችሁ ክሊኒክና ፋርማሲ ስትሄዱ «በፋይላችሁ ያለው እንዲህ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አያታችሁ እንግሊዝኛ የማይናገሩ ከሆነ፣ ይህን ጥያቄ በእሳቸው ፈንታ መጠየቅ የእናንተ ፈንታ ነው።