ዳታቤዙን ማን ቆለፈው?

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ፣ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ያለ አንድ መድኃኒት ቤት እናስብ። ባለሙያዋ ሽያጩን መዝግባ «አስቀምጥ» ስትለው ኮምፒውተሩ «ዳታቤዙ ተቆልፏል» ይላታል። ፕሮግራሙን ዘግታ ብትከፍተውም መልሱ ያው ነው።

የፕሮግራሙ ዳታቤዝ ኤስኪውላይት ነው እንበል። ሪቻርድ ሂፕ በ2000 እ.ኤ.አ. የሠራው ይህ ዳታቤዝ አንድሮይድ ስልኮች ውስጥም አለ፤ መረጃውን በሙሉ በአንድ ፋይል ይይዛል። አንባቢ ቢበዛ ግድ የለውም፤ ጸሐፊ ግን በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ እሱ እስኪጨርስ ፋይሉ ለሌላ ጸሐፊ ይቆለፋል። ሕጉ ለሐይቅ ሰው እንግዳ አይሆንም። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ጥንታዊ የብራና መጽሐፍ የሆነው የኢየሱስ ሞዓ ወንጌል የገዳሙን መጻሕፍት ዝርዝርም ይዟል፤ በእንዲህ ያለ ብራና አንድ ገጽ ላይ ሁለት ጸሐፊዎች እኩል ብዕር ቢያሳርፉ መዝገቡ አይነበብም።

ቁልፉን የያዘው ብዙውን ጊዜ ስክሪን ላይ የማይታይ ፕሮግራም ነው፦ ሪፖርት የሚያዘጋጅ ወይም መረጃ ወደ ሌላ ቦታ የሚልክ። መጻፍ ጀምሮ ሳይጨርስ ኢንተርኔት መጠበቅ ከያዘ ሌላው ሁሉ ደጅ ይጠናል።

መፍትሔው ያዡን ከማወቅ ይጀምራል። ዊንዶውስ ላይ «ሪሶርስ ሞኒተር» ከፍቶ በሲፒዩ ክፍሉ የፋይሉን ስም መፈለግ ነው፤ ሊነክስ ላይ «ፊውዘር» የተባለው ትእዛዝ የፕሮግራሙን ቁጥር ይነግራል። ከዚያ ፕሮግራሙን በወጉ መዝጋት ነው፤ በግድ ማቋረጥ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን። ፕሮግራሙ ሲያበቃ ቁልፉን ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ራሱ ይለቀዋል።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ከዳታቤዙ ጎን ስማቸው በ«ጆርናል» ወይም በ«ዋል» የሚያልቅ ፋይሎች ካሉ አይሰረዙ። ጽሑፍ መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ፣ ዳታቤዙ በሚቀጥለው ጊዜ ሲከፈት ራሱን የሚያስተካክለው በእነሱ ነው። እነሱን ያጠፋ ሰው የሥራ መዝገቡን አብሮ ሊያበላሽ ይችላል።

ዘላቂው መድኃኒት ያለው በፕሮግራም ሠሪው እጅ ነው። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የ«ዋል» አሠራር አንባቢና ጸሐፊ እንዳይጠባበቁ ያደርጋል፤ ጸሐፊው ግን ያኔም አንድ ነው። ቁልፍ ሲያጋጥም ወዲያው ስሕተት ከማሳየት ጥቂት ሰከንድ እንዲታገሥ ማዘዝም ይቻላል። ከሁሉ በላይ፣ ከኢንተርኔት የሚመጣው መረጃ ተሟልቶ ከደረሰ በኋላ ብቻ መጻፍ ይጀመር፤ ተጽፎም ቶሎ ይቋጭ። ይህ የጥቂት መስመር ኮድ ሥራ ነው፤ ሠሪው ቢዘነጋው ግን መድኃኒት ሊገዛ የመጣ በሽተኛ ይጉላላል።